ስለ ሥራ ማስታወቂያ አጻጻፍ ጥቂት ሒስ

ሒስ የሚባለው ነገር በኮሌጃችን አካባቢ ብዙውን ጊዜ በልብ ወለድ፣ በቲያትርና በግጥም ላይ የሚጻፍ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ደራሲው ስሙን የማይገልጽበትን፣ አንባቢው ግን ከማንኛውም ልብ ወለድ ይልቅ ደጋግሞ የሚያነበውን አንድ ዐይነት ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም የሥራ ማስታወቂያ ነው። በተለይም በኮምፒዩተር ሳይንስ፣ በሶፍትዌር ምሕንድስና፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና በመሳሰሉት ተመርቆ የመጀመሪያ ሥራውን የሚፈልግ ወጣት የሚያነበውን ማስታወቂያ ለይተን እንመለከታለን። ጉዳዩን ስለ ምን መረጣችሁት ለሚለን ሰው መልሳችን አጭር ነው፤ ከእኛ መካከል አብዛኞቹ በሚቀጥለው ዓመት የዚሁ ጽሑፍ አንባቢዎች እንሆናለን።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የቋንቋ መምህራችን አንድ ጽሑፍ በሰጡን ቁጥር በመጀመሪያ ሦስት ነገር እንድንጠይቅ ያዙን ነበር፤ ተናጋሪው ማን ነው? የሚናገረው ለማን ነው? ሳይናገር የተወውስ ምንድን ነው? ያን ጊዜ ይህን የምንጠይቀው ስለ ተረትና ስለ ምሳሌ ነበር። ዘዴው ግን ለማስታወቂያም ያገለግላል፤ ሦስተኛው ጥያቄ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ የሚያገለግለው ለማስታወቂያ ሳይሆን አይቀርም።

ያነበብናቸው ማስታወቂያዎች በሐረር ከተማ ያገኘናቸው ናቸው። በዕረፍት ወራት የምንቀመጥበት ቤት በሐኪም ጋራ ሥር ስለሆነ፣ ወደ ከተማ በወጣን ቁጥር ዐይናችን በአንድ ሰሌዳ ላይ ማረፉ አይቀርም። ሐኪም ጋራን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ጋራው ከሐረር በስተ ደቡብ የቆመ ነው፤ ስሙን ለአንድ ወረዳና ለሐረር ቢራ ፋብሪካ ጥቁር ቢራ አውሶአል። ከላዩ ሆነው ሲመለከቱ በግንብ የታጠረው ጀጎል በአንድ ወገን፣ ከግንቡ ውጭ ወደ ምዕራብ የተስፋፋው አዲሱ ከተማ በሌላ ወገን ይታያል። የመሥሪያ ቤት ሰሌዳዎች በብዛት የሚገኙት በአዲሱ ከተማ ነው። ስለ ጀጎል የምንናገረው ወደ ኋላ ነው፤ አንባቢ ግን ከአሁኑ ሁለቱን ወገን አብሮ ቢያስባቸው ይረዳናል።

ማታ ማታ በጋራው ላይ ተቀምጠው ከሚጫወቱት ወጣቶች መካከል አምናና ካቻምና የተመረቁ ጥቂቶች አሉ። ማስታወቂያውን ከብዙ ማንበብ የተነሣ በቃላቸው አጥንተውታል። አንዱ «በአካል በመቅረብ» ሲል፣ ሌላው «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን በመያዝ» ብሎ ይቀበለዋል። ከዚያ ሁሉም ይስቃሉ፤ ጥቂት ቆይቶም ዝም ይባላል።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንግባ። የማስታወቂያው ቅርጽ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ብዙም አይለያይም። በመካከሉ ሠንጠረዥ አለ፤ በሠንጠረዡም የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ተፈላጊው የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ብዛት፣ ደመወዝና የሥራ ቦታ በየዐምዱ ይደረደራሉ። ከሠንጠረዡ በታች አመልካቹ ማድረግ ያለበት ይዘረዘራል፤ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ዋስ እንደሚያቀርብ። ግሦቹ ሁሉ በአመልካቹ ላይ የሚወድቁ ናቸው። አመልካቹ ያሟላል፣ ይቀርባል፣ ያቀርባል፣ ይመዘገባል። ቀጣሪው ግን በአንድም ግሥ ላይ ባለቤት ሆኖ አይገኝም። ቀጣሪው ይህን አደርጋለሁ፣ ይህን አሳያለሁ፣ በዚህ ቀን መልስ እሰጣለሁ የሚልበትን ዐረፍተ ነገር ፈልገን አላገኘንም። እንግዲህ ተናጋሪው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ ተናጋሪው የተሸሸገ ነው የሚል ይሆናል።

የሥራ መደቡ መጠሪያም ሥራውን አይነግርም። «የአይቲ ባለሞያ» የሚል እናነባለን። በዚህ መጠሪያ ሥር የተቀጠረ ሰው በአንዱ መሥሪያ ቤት የሕትመት መኪና ወረቀት ሲይዝ ያላቅቃል፤ በሌላው የደኅንነት ካሜራ ይሰቅላል፤ በሦስተኛው የኔትወርክ ገመድ ይዘረጋል፤ አልፎ አልፎም ፕሮግራም ይጽፋል። አመልካቹ የሚፈተነው በየትኛው እንደ ሆነ አያውቅም፤ ስለዚህ በሁሉም ይዘጋጃል፤ ማለትም በአንዱም አይዘጋጅም። ይህ ግን ትንሹ ጉድለት ነውና እንለፈው።

ዋናው ጉዳያችን «የሥራ ልምድ» የሚለው ዐምድ ነው። በዚህ ዐምድ ውስጥ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ዓመት የሚል ይጻፋል። «ልምድ» የሚለው ቃል «ለመደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። መልመድ ደግሞ እንደ ማወቅ አይደለም። ማወቅ ብቻን በቤት ተቀምጦ፣ መጽሐፍ ገልጦ ሊገኝ ይችላል። መልመድ ግን ቦታና ጊዜ፣ ከሁሉም በላይ ሰው ይፈልጋል፤ በሬ ቀንበር የሚለምደው ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው። ቋንቋችን ይህን ስለሚያውቅ «አለማመደ» የሚል ሌላ ግሥ አበጅቶአል። ለማጅ ካለ አለማማጅ አለ። የማስታወቂያው ጉድለት እንግዲህ በአንድ ቃል ሊነገር ይችላል፤ «ለመደ» የሚለውን ያውቃል፣ «አለማመደ» የሚለውን አያውቅም። ልምድን አመልካቹ ከሌላ ቦታ ይዞት እንደሚመጣ ዕቃ ይቈጥረዋል። ያ ሌላ ቦታ ግን የት ነው? እርሱም ቢሆን ማስታወቂያ ያወጣል፤ በማስታወቂያውም ላይ ያው ዐምድ አለ።

«በ0 ዓመት» የሚሉ ማስታወቂያዎችም መኖራቸውን አንክድም። በተመራቂዎች ዘንድ «ዜሮ ዓመት» የሚለው አነጋገር እንደ በዓል ስም በደስታ ይነገራል። ነገር ግን በዚያም ቢሆን ልምድን የሚያስቀረው ዐምድ ሌላውን ዐምድ ከፍ ያደርገዋል፤ የመመረቂያ ውጤቱ ከዚህ በላይ ይሁን ይባላል፤ በ2023 ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የተጀመረው የመውጫ ፈተና ማለፊያም ይጠየቃል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለአንድ ቦታ የሚሰለፈውም ሰው ስለሚበዛ ምዝገባው በመጀመሪያው ቀን ሊዘጋ ይችላል። ከዚህም በላይ 0 የሚለው ቁጥር ራሱ የሌለውን ነገር የሚለካ ነው። አመልካቹ ምን እንደሌለው ይነግረናል፤ ሲገባ ማን አጠገብ እንደሚቀመጥ አይነግረንም።

ማስታወቂያው ዛሬ እንደምናየው ሆኖ የኖረ አይደለም። ከእኛ በፊት የነበሩት ተመራቂዎች ማስታወቂያ በማንበብ ብዙ አልደከሙም። ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በዓለማያ የተቋቋመው ኮሌጅ፣ በ1952 ከኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ስምምነት የተመሠረተ ሲሆን ስሙ የእርሻና የሜካኒክ ጥበባት ኮሌጅ ነበር። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ጥቂት ስለነበር መንግሥት ራሱ ተመራቂውን ይፈልገው ነበር፤ በደርግ ዘመንም ተመራቂ በምደባ ይላክ ነበር። እስከ 1990ዎቹ ፍጻሜ ድረስ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በ2008 ከተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገቡ ሲወሰን የቴክኖሎጂ ተመራቂው ቁጥር አደገ። የሚያለማምደው ሰው ቁጥር ግን በዚያው መጠን ሊያድግ አልቻለም፤ አለማማጅ በውሳኔ አይመረትምና።

እንዲህም ሆኖ፣ ቀጣሪዎች ልምድ የሌለውን ሰው መውሰድ ፈጽሞ አይቻልም ሲሉን ታሪክ አይደግፋቸውም። የአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ የሚጀምረው በ1894 ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ከተዘረጋው የስልክ መስመር ነው ተብሎ ይጻፋል። በዚያን ጊዜ የስልክ ሥራ የሁለት ዓመት ልምድ ያለው ኢትዮጵያዊ ይቅረብ የሚል ማስታወቂያ ቢወጣ ኖሮ፣ መስመሩ እስከ ዛሬ ባልተዘረጋ ነበር። የባቡሩም ነገር እንዲሁ ነው። ሐዲዱ በተራራው ምክንያት ሐረርን ትቶ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ፣ በዚያ የተቋቋመው የጥገና ወርክሾፕ ሠራተኛ ያገኘው ከባቡር ሠሪዎች አገር ብቻ አልነበረም፤ ከአካባቢው ሰው ወስዶ ብረት መቅረጽና ማቅለጥ አስተማረ። በዚህም ወርክሾፕ የተማረው ሞያውን ለልጁ አስተላለፈ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1945 በአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ረዳትነት ሲቋቋም አብራሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሊሆኑ የቻሉት በመካከሉ ያስተማራቸውና አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው። አየር መንገዱ እስከ ዛሬም ሠልጣኝ ቴክኒሺያንና አብራሪ ያለ ልምድ ተቀብሎ ያስተምራል፤ በምላሹ ግን ለተወሰኑ ዓመታት እንዲያገለግሉት ውል ያስገባቸዋል። ይህ ውል ከባድ ነው የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ቢያንስ የማልመድ ዋጋ እንዳለውና ያንንም ዋጋ ማን እንደሚከፍለው በግልጽ የሚናገር ወረቀት ስለሆነ ከሠንጠረዡ ይልቅ እናከብረዋለን።

ስለ ዋጋ ከተነሣ አይቀር ወደ ጀጎል እንሻገር። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። በአገራችን በመሣሪያ ጩኸት የተሰየመ ሌላ መንገድ ይኑር አይኑር እንጃ፤ ይህኛው ግን የቴክኖሎጂ ሠራተኞች ሰፈር ሊባል ይገባዋል ብንል ማጋነን አይሆንም። የስፌት መኪናም በዘመኑ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ ነበር። ሁለት ከሰዓት በኋላ በዚያ መንገድ ተቀምጠን ውለናል፤ በአንድ አዛውንት ሰፊ ደጅ ላይ፣ ሥራቸውን እንዳናውክ ተጠንቅቀን።

«አባባ፣ አዲስ ልጅ ሲመጣልዎ ከዚህ በፊት የት እንደ ሠራ ይጠይቁታል?» አልናቸው።

«የት ይሠራል? ልጅ አይደለም እንዴ!» አሉ፤ እግራቸውም ከፔዳሉ አልተነሣም።

አዲስ የመጣ ልጅ በመጀመሪያ መኪናውን አይነካም። ከሰል ካውያውን ያግላል፣ ክር ያስገባል፣ ቁልፍ ይተክላል። ከዚያ በኋላ በእራፊ ጨርቅ ላይ ቀጥ ያለ ስፌት ይለማመዳል፤ ቀጥሎ የእውነተኛ ልብስ ጠርዝ ይዘመዝማል። የሰው ልብስ መቁረጥ ከሁሉ በኋላ ይመጣል። ያን ጊዜ መቀሱ የሚሳሳትበት ቀን አይቀርም። የተበላሸውን ጨርቅ ማን ይከፍላል ብለን ጠየቅን። አዛውንቱ ይህን ጥያቄ የጠበቁት ይመስል ሥራቸውን አቆሙ። «የመጀመሪያውን እኔ። ሁለተኛውን እኔና እሱ እኩል። ሦስተኛውን ራሱ ይከፍላል፤ ግን ሦስተኛ የሚያበላሽ ብዙ ልጅ አላየሁም» አሉ።

በሦስት ዐረፍተ ነገር የተነገረው ይህ ሕግ በማስታወቂያዎቹ ሁሉ ውስጥ ፈልገን ያጣነው ነው። አዛውንቱ ስህተት እንዳለ ያውቃሉ፤ ስህተቱን አስቀድመው ከፋፍለው አስቀምጠውታል። ማስታወቂያው ደግሞ የመጀመሪያውን ጨርቅ ሌላ ሰው እንዲከፍልለት ይፈልጋል፤ የሁለትና የሦስት ዓመት ልምድ ማለት ትርጉሙ ይኸው ነው። አበላሽቶ የጨረሰ ሰው ይምጣልን ማለት ነው።

መኪና ግርግርን ግን ከሚገባው በላይ እንዳናመሰግን መጠንቀቅ አለብን። ልጁ ወደ ሱቁ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዝምድና ወይም በጎረቤት ነው፤ ዘመድ የሌለው ልጅ ደጁን አልፎ ይሄዳል። የተማሪነቱም ዘመን ያለ ደመወዝ፣ ወይም በምሳና በኪስ ገንዘብ ብቻ ያልፋል። ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ መውጣቱ ቢያንስ በሕግ ደረጃ በሩን ለሁሉ ከፍቶአል፤ የማያውቁት ሰው ልጅ እኩል እንዲወዳደር ፈቅዶአል። ስለዚህ ማስታወቂያው ይጥፋ፣ ወደ ዝምድና እንመለስ የሚል ሐሳብ የለንም። በሐኪም ጋራ ላይ ከሚቀመጡት ጓደኞቻችን አንዱ፣ የአጎት ልጅ የሌለው ሰው ሠንጠረዡን ሊያከብር ይገባዋል ብሎናል። እውነቱን ነው።

ከመነሣታችን በፊት አዛውንቱ በተራቸው ጠየቁን። «የእናንተ ሥራ ሲበላሽ የሚቀደደው ምንድን ነው?» ለጊዜው መልስ አጣን። በኋላ ስናስበው ግን ጥያቄው ቀጣሪውን ወገን እንድናይ አስገደደን። ሰፊው የሚያጣው አንድ ሱሪ ነው። በአንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ብቻውን የተቀመጠ የአይቲ ባለሞያ ቢሳሳት የሠራተኛው ሁሉ የደመወዝ መዝገብ፣ የበሽተኞች ካርድ፣ የዓመት ሒሳብ ሊጠፋ ይችላል። በትልቅ ከተማ ያለ ድርጅት ዐሥር ፕሮግራም ጻፊዎች ቢኖሩት አሥራ አንደኛውን ለማጅ ማድረግ አይከብደውም። በሐረር ግን ባለሞያው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ እርሱ ሲለቅ ነው ማስታወቂያ የሚወጣው። አለማማጁ ሄዶአል፤ የቀረው ባዶ ወንበር ነው። የ3 ዓመት ልምድ የሚለውን የጻፈው ሰው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን የሚፈራው ነገር ስላለው ነው። ልንነቅፈው የሚገባን መፍራቱን አይደለም፤ ፍርሃቱን በቁጥር ሸፍኖ ማቅረቡን ነው።

ሒሳችን ፍትሐዊ እንዲሆን የራሳችንንም ጽሑፍ መመርመር ይገባናል። ለማስታወቂያው የምንመልሰው ጽሑፍ ሲቪ ነው። እርሱም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አንድ ዐይነት ጽሑፍ ነው፤ ስሙና የስልክ ቁጥሩ ብቻ ይለወጣል። በሲቪያችን ላይ አምስት የፕሮግራም ቋንቋ ቈጥረን በእያንዳንዱ ፊት «በጣም ጥሩ» ብለን ጽፈናል። ከመካከላቸው አንዱን በግማሽ ሴሚስተር ብቻ ያየነው ነው። አንድ ቀን ለክረምት ሥራ በተጠራንበት ቦታ ፈታኙ ባዶ ወረቀት ሰጥተው፣ ከብዙ ቁጥሮች መካከል የተደገመውን የሚለይ አጭር ፕሮግራም በመረጣችሁት ቋንቋ ጻፉ አሉን። አምስት ቋንቋ የሚያውቀው ሰው በአንዱም አልጻፈም። የመመረቂያ ፕሮጀክቶቻችንም ቢሆኑ፣ አንባቢዎቻችን ቅር አይበላቸውና፣ ከቀደሙት ዓመታት የተወረሱ መሆናቸውን መምህራኖቻችን ያውቃሉ። የተማሪ መመዝገቢያ፣ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ፣ የመድኃኒት ቤት መቆጣጠሪያ፤ ርእሱ የመሥሪያ ቤቱን ስም ለውጦ በየዓመቱ ይመለሳል። እንግዲህ ቀጣሪው «ልምድ» ብሎ የጠየቀው ሲቪያችንን ስላላመነ ከሆነ በዚህ ልንቈጣው አንችልም። ሁለት የተገለበጡ ጽሑፎች ይጻጻፋሉ፤ በመካከላቸው ሰው አይታይም።

ራሳችሁን አስተምሩ የሚል ምክርም ይሰጠናል። ምክሩ መልካም ነው። በ2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ማንም ሰው ከስልኩ ተምሮ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ አስችሎአል፤ ከጓደኞቻችንም ብዙዎቹ ተከታትለውታል። ሆኖም ሥልጠናው ማወቅን ይሰጣል እንጂ መልመድን አይሰጥም። በዚህ ረገድ ሐረር አንድ የቆየ ምሳሌ አላት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1880 መጨረሻ ለአንድ ነጋዴ ተቀጥሮ ወደ ሐረር ሲመጣ፣ ስለ ብረታ ብረት፣ ስለ ውኃ ሥራ፣ ስለ እንጨት ሥራና ስለ ሌላም የእጅ ጥበብ የሚናገሩ መጻሕፍት እንዲላኩለት ለቤተሰቡ ይጽፍ ነበር። በመጻሕፍት ብቻ መሐንዲስ ለመሆን የፈለገ ይመስላል። ኑሮውን ያገኘው ግን በቡናና በቆዳ ንግድ ነበር፤ ንግዱን የለመደው በነጋዴው ሱቅ ውስጥ ስለሆነ።

በአዲስ አበባ ክፍተቱን ለመሙላት የተነሡ ድርጅቶች መኖራቸውን እናውቃለን። ኤቱኤስቪ የተባለው ተማሪዎችን ለታላላቅ የውጭ ኩባንያዎች ፈተና ያዘጋጃል፤ በ2013 የተመሠረተው አይኮግ ላብስ ወጣቶችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ አሰማርቶአል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከሐኪም ጋራ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ «በአካል በመቅረብ» የሚለው ሐረግ ለአንድ የሐረር ወጣት የአውቶቡስ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ማለት ነው። ከጓደኞቻችን አንዷ ለሦስት ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። ሦስተኛውን ጉዞ የከፈሉት እናቷ የእጅ አምባራቸውን ሸጠው ነው። አሁን በአዲሱ ከተማ በአንድ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ተቀምጣ ትሠራለች፤ የሱቁ ባለቤት ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ ሲሆን ብየዳ የሚያስተምራት እርሱ ነው። ይህን ስትነግረን አላፈረችም፤ እንዲያውም በዲግሪዋ ያላገኘችውን አለማማጅ እዚያ እንዳገኘች ነግራናለች። እኛ ግን ለዚህ አራት ዓመት መማር ያስፈልግ ነበር ወይ ብለን መጠየቃችን አልቀረም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቸኩለው አዲስ ሁኔታም አለ። በትልልቆቹ የሶፍትዌር ድርጅቶች ለጀማሪ ይሰጥ የነበረው ትንሹ ሥራ፣ ማለትም ቀላል ስህተት ማረም፣ አጭር ክፍል መጻፍ፣ መፈተኛ ማዘጋጀት፣ ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተሠራ ነው። በመኪና ግርግር ቋንቋ ብንናገር ቁልፍ መትከሉን መኪናው ወስዶታል። ቁልፍ ሳይተክል ልብስ መቁረጥ የሚማር ልጅ ይኑር አይኑር ወደፊት የሚታይ ነው፤ ቢኖር እንኳ ጨርቅ የሚከፍልለት ሰው አብዝቶ ያስፈልገዋል።

መሣሪያው በእጃችን የለም አይባልም። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ60 የሥራ ቀናት የማይበልጥ የሙከራ ጊዜ ፈቅዶአል፤ የልምምድ ውልንም ያውቃል። ቀድሞም በ1964 በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት፣ ይሠሩ ነበር፤ ሲመረቁ የአንድ ዓመት ልምድ ነበራቸው ማለት ነው። ዛሬ ለተግባር ልምምድ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘን የምንሄድበት ሁኔታ የዚያ ጥላ ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ልምምዱን ያሳለፉት ፎቶ ኮፒ በማንሣትና ቡና በማዘዝ እንደ ሆነ የዚህ መጽሔት አንባቢ ሁሉ ያውቃል፤ መዝገቡ ላይ ግን ሌላ ተጽፎአል።

ሐያሲ የነቀፈውን ጽሑፍ ሊያርም ይገባዋል ይባላል። ስለዚህ ያነበብናቸውን ማስታወቂያዎች አስተባብረን አንዱን እንደሚከተለው አርመነዋል። «መሥሪያ ቤታችን አንድ የኮምፒዩተር ባለሞያ ለማጅ ይፈልጋል። ሥራው በመጀመሪያዎቹ ወራት የሕትመት መኪናና የኔትወርክ ጥገና ሲሆን፣ ቀጥሎ የሠራተኛ መዝገቡን ፕሮግራም ማሻሻል ነው። የሥራ ልምድ አንጠይቅም። አመልካቹ ራሱ የሠራውን አንድ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ በፊታችን ከፍቶ ያሳየናል። ማመልከቻ በስልክም እንቀበላለን፤ ላልመረጥናቸውም በ15 ቀን ውስጥ መልስ እንሰጣለን። ለማጁ ከነባሩ ባለሞያ አጠገብ ይቀመጣል። በሙከራ ጊዜው የሚያደርሰው የመጀመሪያ ስህተት በአለማማጁ ስም ይመዘገባል፤ ሁለተኛው በሁለቱም፤ ሦስተኛው በራሱ።»

ይህን ወረቀት በአዲሱ ከተማ ለሚገኙ አንድ የሰው ኃይል አስተዳደር ሹም አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይህ እኮ ማስታወቂያ አይደለም፤ ውል ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ውል ቢሆንስ ምን ይጎዳል?» አልን።

«በአለማማጁ ስም ብላችሁ ከጻፋችሁ አለማማጅ የሚሆነኝ ሰው አላገኝም» አሉና እስክሪብቶ አንሥተው «በአለማማጁ» የሚለውን ሰርዘው ከበላዩ «በመሥሪያ ቤቱ» ብለው ጻፉ። ጥቂት አሰቡና መልስ በ15 ቀን የሚለውን ወደ 30 ቀን ለወጡት። ሌላውን አልነኩም። ከዚያም አዲሱ በጀት የሚጀምረው በሐምሌ መሆኑን ነግረውን፣ ግልባጭ ካላችሁ ይህን ለእኔ ተዉልኝ ብለው ወረቀቱን በመሳቢያቸው ውስጥ አኖሩት።